የገጠር ሕዝብ ማመላለሻ አስተዳደርና አገልግሎት፦ የሜንዶሲኖ ካውንቲ አሠራር

በገጠር የሚሰጥ የሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎት ከተሳፋሪ በሚሰበሰብ ክፍያ ብቻ ወጪውን ሸፍኖ መዝለቅ አይችልም። የነዋሪው አሰፋፈር የተበታተነ፣ በከተሞች መካከል ያለው ርቀት ረጅም፣ በአንድ ጉዞ የሚገኘው ተሳፋሪ ደግሞ ጥቂት ነው። በመሆኑም አንድ የገጠር መስመር የሚቀጥለው ወይም የሚዘጋው ለገበያ በመተው ሳይሆን በአስተዳደር ውሳኔ ነው። ውሳኔውን የሚሰጠው ማን ነው? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መኪና የሌለው ነዋሪ መስመሩ ከመታጠፉ በፊት የሚደመጠው በምን መንገድ ነው? የአገልግሎቱ ህልውና የሚወሰነው ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው ምላሽ ነው።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በሜንዶሲኖ ካውንቲ የሚሠራበት አደረጃጀት ለእነዚህ ጥያቄዎች በሕግ የተደነገገ መልስ ካላቸው አሠራሮች አንዱ ነው። አደረጃጀቱ ከአካባቢ እስከ ፌዴራል ያሉ የመንግሥት እርከኖችን የሚያስተሳስር ሲሆን የእያንዳንዱ እርከን ሥልጣንና ኃላፊነት ተለይቶ ተቀምጧል።

የአካባቢው ገጽታ

ካውንቲ በአሜሪካ የአስተዳደር አወቃቀር ከግዛት ቀጥሎ ያለ እርከን ሲሆን፣ በሕዝብ የተመረጡ የሥራ ኃላፊዎችና የራሱ በጀት አለው። ሜንዶሲኖ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ይገኛል። የየብስ ስፋቱ ከ9 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር 91 ሺህ 601 ነበር። ይህም በአማካይ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 10 ሰው ገደማ ማለት ነው።

በካውንቲው የከተማነት ደረጃ ያላቸው አራት ብቻ ናቸው። የካውንቲው መቀመጫ ዩካያ እና ዊሊትስ በመሀል አገር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ፎርት ብራግና ፖይንት አሪና ደግሞ በውቅያኖሱ ዳርቻ የተቆረቆሩ ናቸው። ዳርቻውን ከመሀል አገር የሚለየው በደን የተሸፈነ ተራራማ ሰንሰለት ሲሆን፣ ሁለቱን የሚያገናኙት መንገዶች ጠመዝማዛና ጠባብ ናቸው። የካውንቲው ዋና ዋና መሥሪያ ቤቶች በዩካያ ይገኛሉ። ሰፋ ያለ የሕክምናና የገበያ አገልግሎት የሚገኝባት ሳንታ ሮዛ ደግሞ በደቡብ በሚያዋስነው የሶኖማ ካውንቲ ውስጥ ናት። በዳርቻው የሚኖር አረጋዊ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ፣ ወይም አንድ ነዋሪ ጉዳዩን በካውንቲው መሥሪያ ቤት ለማስፈጸም ተራራውን ማቋረጥ ይኖርበታል።

አመሠራረትና የቦርዱ አወቃቀር

አገልግሎቱን የሚሰጠው የሜንዶሲኖ የሕዝብ ማመላለሻ ባለሥልጣን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ስሙ ባለሥልጣን ይባል እንጂ ተግባሩ ሌሎችን መቆጣጠርና ፈቃድ መስጠት ሳይሆን ራሱ አውቶቡስ ማሰማራት ነው። የተመሠረተውም የጋራ ሥልጣን ስምምነት በሚባለው የካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት ነው። ሕጉ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ የመንግሥት አካላት እያንዳንዳቸው ያላቸውን ሥልጣን አቀናጅተው፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው አንድ ድርጅት እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ስምምነቱን ያደረጉት ካውንቲውና አራቱ ከተሞች ናቸው። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ጋራዥ ገንብተው፣ ሹፌርና መካኒክ ቀጥረው፣ አውቶቡስ ገዝተው ሊወጡት የማይችሉትን ሥራ በአንድ ድርጅት አማካይነት እንዲያከናውኑ አስችሏቸዋል።

የድርጅቱ የበላይ አካል ሰባት አባላት ያሉት የሥራ አመራር ቦርድ ነው። ሦስቱን አባላት ካውንቲው፣ ቀሪዎቹን አራት ደግሞ ከተሞቹ አንድ አንድ ይሰይማሉ። በ2020ው ቆጠራ የዩካያ ነዋሪ ከ16 ሺህ በላይ ሲሆን የፖይንት አሪና ነዋሪ ግን 500 አልሞላም። ያም ሆኖ ሁለቱም ከተሞች በቦርዱ ያላቸው ድምፅ እኩል አንድ ነው። መቀመጫው በሕዝብ ብዛት ቢደለደል ኖሮ ትንሿ ከተማ ከነጭራሹ ወኪል አይኖራትም ነበር። በሌላ በኩል ከካውንቲው ነዋሪ ከሦስት እጅ ሁለቱ ገደማ የሚኖረው ከአራቱ ከተሞች ክልል ውጭ በመሆኑ፣ ካውንቲው ሦስት አባላት መሰየሙ ይህን ሕዝብ ለመወከል ያስችለዋል። ካውንቲው ብቻውን አብላጫ ድምፅ የለውም። አራቱ ከተሞች ደግሞ አብላጫውን የሚያገኙት አንድም ሳይጎድል ሁሉም ሲስማሙ ነው።

በቦርዱና በሥራ አመራሩ መካከል ያለው የሥራ ክፍፍል ግልጽ ነው። ቦርዱ ዓመታዊ በጀት ያጸድቃል፣ የጉዞ ታሪፍ ይወስናል፣ መስመር እንዲከፈት፣ እንዲለወጥ ወይም እንዲዘጋ ያደርጋል፣ የድርጅቱን ዋና የሥራ ኃላፊ ይቀጥራል፣ አፈጻጸሙንም ይገመግማል። የሹፌሮች ስምሪት፣ የተሽከርካሪ ጥገናና የዕለት ተዕለት አገልግሎት ግን የዋናው የሥራ ኃላፊ ኃላፊነት ነው።

የቦርዱ ስብሰባዎች የሚመሩት እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣውና ብራውን አክት ተብሎ በሚታወቀው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከስብሰባው ቢያንስ 72 ሰዓት ቀደም ብሎ ለሕዝብ ይፋ መደረግ አለበት። ማንኛውም ሰው በስብሰባው ተገኝቶ አስተያየት የመስጠት መብት ያለው ሲሆን፣ ቦርዱ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካላጋጠሙ በቀር በአጀንዳው ባልተያዘ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ማሳለፍ አይችልም። ስለሆነም መስመር የመዝጋት ሐሳብ ተሳፋሪው ሳያውቅ ቀርቦ ሳያውቅ የሚጸድቅበት ዕድል ጠባብ ነው።

የገንዘብ ምንጭ

የፌዴራሉ መንግሥት ለሕዝብ ማመላለሻ ሰፋ ያለ ድጋፍ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ የሕጉ ትኩረት ግን ከተሞች ነበሩ። ለገጠር ራሱን የቻለ ቋሚ የድጋፍ መርሐ ግብር የተዘረጋው ከ14 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። መርሐ ግብሩ በአሁኑ ወቅት ክፍል 5311 በሚል መጠሪያ የሚታወቅ ሲሆን ተጠቃሚዎቹ የነዋሪያቸው ቁጥር ከ50 ሺህ በታች የሆኑ አካባቢዎች ናቸው።

ገንዘቡ በቀጥታ ለአውቶቡስ ድርጅቶች አይሰጥም። የፌዴራሉ የሕዝብ ማመላለሻ አስተዳደር በገጠሩ ሕዝብ ብዛት፣ በመሬት ስፋት፣ በተሰጠው አገልግሎትና በዝቅተኛ ገቢ በሚተዳደሩ ነዋሪዎች ቁጥር ላይ በተመሠረተ ቀመር ለግዛቶች ያከፋፍላል። የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደግሞ ለየአካባቢው ድርጅቶች ያደላድላል፣ አጠቃቀሙንም ይቆጣጠራል። በመደበኛው ደንብ የፌዴራሉ ድርሻ ለአውቶቡስ ግዥና ለመሳሰሉት የካፒታል ወጪዎች እስከ 80 በመቶ፣ ለሥራ ማስኬጃ ጉድለት ደግሞ እስከ 50 በመቶ ነው። ካሊፎርኒያን ጨምሮ ሰፊ የፌዴራል መሬት ባለባቸው ግዛቶች ድርሻው በመጠኑ ከፍ ይላል። ቀሪውን አካባቢው ራሱ ማሟላት ይጠበቅበታል።

አካባቢው ድርሻውን የሚያሟላበት ዋነኛ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የካሊፎርኒያ የትራንስፖርት ልማት ሕግ የተገኘ ነው። ሕጉ ከሽያጭ ታክስ ላይ የአንድ በመቶ ሩብ የሚሆነው ተቀንሶ ታክሱ ወደተሰበሰበበት ካውንቲ ተመልሶ ለትራንስፖርት እንዲውል ይደነግጋል። ገቢው በየዓመቱ ለሕግ አውጪው አካል በሚቀርብ ልመና ላይ ያልተመሠረተ መሆኑ ለገጠር ድርጅቶች ዕቅድ አውጥቶ ለመሥራት አመቺ ሁኔታ ፈጥሯል።

ሕጉ ድጋፉን ያለ ግዴታ አልሰጠም። የከተማ ድርጅቶች ከሥራ ማስኬጃ ወጪያቸው 20 በመቶውን፣ የገጠር ድርጅቶች ደግሞ 10 በመቶውን ከተሳፋሪ ክፍያ እንዲሸፍኑ መነሻ መለኪያ አስቀምጧል። የመለኪያው ትርጉም በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንድ ጉዞ 100 ዶላር ወጪ ቢጠይቅና እያንዳንዳቸው 2 ዶላር የከፈሉ ስድስት ሰዎች ቢሳፈሩ፣ የሚገኘው ገቢ 12 ዶላር ወይም የወጪው 12 በመቶ ይሆናል። መለኪያው ተሟልቷል። በቀሪው የ88 ዶላር ጉድለት ላይ የፌዴራሉ ድርሻ በመደበኛው ደንብ ቢበዛ 44 ዶላር ስለሆነ፣ ሌላውን 44 ዶላር አካባቢው ይሸፍናል ማለት ነው። በዚያው ጉዞ የተሳፈሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ግን ገቢው ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። በገጠር መስመር የሦስት ተሳፋሪዎች መጉደል የበጀት ጥያቄ የሚያስነሳው በዚህ ምክንያት ነው። መለኪያው የሚሰላው ለእያንዳንዱ መስመር ሳይሆን ለድርጅቱ በጠቅላላ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው የሚሳፈርበት የከተማ ውስጥ መስመር ጥቂት ሰው የሚጠቀምበትን ረጅም መስመር ሊደጉም ይችላል።

ገንዘቡን የሚያከፋፍለው አካል አውቶቡሶቹን ከሚያሰማራው አካል የተለየ መሆኑም ሊጤን የሚገባው ነው። በካውንቲው የትራንስፖርት ዕቅድ የማውጣትና ገንዘቡን የመደልደል ሥልጣን የአካባቢ መስተዳድሮች ምክር ቤት ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ በየዓመቱ ጥያቄውን ለዚህ ምክር ቤት ያቀርባል። የሒሳብ ምርመራ በየዓመቱ ይካሄዳል። ከዚህ በተጨማሪ በየሦስት ዓመቱ በገለልተኛ ባለሙያ የአፈጻጸም ምርመራ ይደረጋል። ምርመራው ወጪን በአገልግሎት ሰዓት፣ በኪሎ ሜትርና በተሳፋሪ ቁጥር አስልቶ የሚያነጻጽር ሲሆን፣ ገንዘብ ደልዳዩ ምክር ቤትም ራሱ ከዚህ ምርመራ ነፃ አይደለም።

ከመንገድ በፊት ተሳፋሪ

በ1971ዱ ሕግ ለገጠር ነዋሪ ከሁሉ የላቀ ፋይዳ ያለው ድንጋጌ ያልተሟላ የመጓጓዣ ፍላጎትን የሚመለከተው ነው። የሕዝብ ቁጥራቸው አነስተኛ በሆኑ ካውንቲዎች ከሽያጭ ታክሱ የሚገኘው ገንዘብ ለመንገድ ጥገናና ግንባታም ሊውል ይችላል። የመንገድ ፍላጎት ደግሞ በየትም ቦታ ማብቂያ የለውም። ለመንገድ የሚሟገተው ባለመኪናም ድምፁ ከአውቶቡስ ጠባቂው ይልቅ ይሰማል። ሕጉ ይህን አዝማሚያ ለመግታት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ይኸውም ገንዘቡ ለመንገድ ከመመደቡ በፊት ደልዳዩ አካል ቢያንስ አንድ ሕዝባዊ የአስተያየት መድረክ አዘጋጅቶ ያልተሟላ የመጓጓዣ ፍላጎት መኖር አለመኖሩን ማጣራትና በጽሑፍ መወሰን አለበት የሚል ነው።

ውሳኔው ከሦስት አንዱ ይሆናል። ያልተሟላ ፍላጎት የለም፤ ወይም ፍላጎቱ ቢኖርም በምክንያታዊነት ሊሟላ የሚችል አይደለም፤ ወይም በምክንያታዊነት ሊሟላ የሚችል ፍላጎት አለ የሚል ነው። በሦስተኛው ሁኔታ ለዚያ ፍላጎት ገንዘብ ሳይመደብ ለመንገድ መመደብ አይፈቀድም። ምክንያታዊ የሚለው ቃል ማምለጫ እንዳይሆንም ሕጉ ገደብ አበጅቶለታል። ባለው ሀብት ፍላጎቱን ሙሉ በሙሉ ማሟላት አለመቻል ብቻውን ጥያቄውን ውድቅ ለማድረግ በቂ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም። በየቀኑ አውቶቡስ ማቅረብ ካልተቻለ በሳምንት ሁለት ቀን ማቅረብ ይቻል እንደሆነ መታየት አለበት ማለት ነው።

በዚህ ሂደት የሚያማክር የማኅበራዊ አገልግሎት የትራንስፖርት ምክር ቤት በሕግ ተቋቁሟል። ከአባላቱ መካከል ዕድሜው 60 ዓመት የሞላው ተጠቃሚ፣ አካል ጉዳተኛ ተጠቃሚ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ተወካዮች እንዲሁም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ዜጎች የሚሠራ ድርጅት ተወካይ ይገኙበታል። የአባላቱ የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት ነው። ምክር ቤቱ የመወሰን ሥልጣን ባይኖረውም፣ የተሳፋሪውን ችግር በተጨባጭ ከሚያውቁ ሰዎች የሚመነጭ አስተያየት ለውሳኔ ሰጪው አካል በይፋ እንዲቀርብ ያደርጋል።

ለተሳፋሪዎች የሚሰጠው አገልግሎት

የሜንዶሲኖ ድርጅት አገልግሎት በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው በከተሞች ውስጥ የሚሰጠው የአጭር ርቀት አገልግሎት ነው። ሁለተኛው ከተሞችን የሚያገናኘው የረጅም ርቀት መስመር ሲሆን፣ ከፎርት ብራግ ተነስቶ በዊሊትስና በዩካያ በኩል ሳንታ ሮዛ የሚደርሰው፣ እንዲሁም የፖይንት አሪናን አካባቢ ከሳንታ ሮዛ ጋር የሚያገናኘው መስመር በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ሦስተኛው በስልክ ጥሪ ተሳፋሪውን ከቤቱ ወስዶ ወደሚፈልገው ቦታ የሚያደርሰው አገልግሎት ነው። ከዚህ በተጨማሪ ድርጅቱ ከአረጋውያን ማዕከላት ጋር ውል ገብቶ ማዕከላቱ በራሳቸው ተሽከርካሪ ለአባሎቻቸው የመጓጓዣ አገልግሎት እንዲሰጡ ይደግፋል።

አውቶቡሶቹ የሚነሱት ወንበር ሲሞላ ሳይሆን በወጣው የጊዜ ሰሌዳ መሠረት ነው። ተሳፋሪው አንድ ሰው ቢሆንም ሰዓቱ ሲደርስ ጉዞው ይጀመራል። በቀን ጥቂት ምልልስ ብቻ ባለበት መስመር ላይ ለሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው የሚተማመነው በዚህ ሰሌዳ ነው። ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ የሚያስከትለው ወጪ ቀደም ሲል በተገለጸው ድጎማ የሚሸፈነውም ሰሌዳው እንዲከበር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ በድርጅቱ ላይ ተጨማሪ ግዴታ ይጥላል። ለመደበኛ መስመር የሚገዛ አዲስ አውቶቡስ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ ማንሻ ወይም መወጣጫ ሊኖረው ይገባል። በአካል ጉዳት ምክንያት በመደበኛው አውቶቡስ መጠቀም ለማይችል ሰው ደግሞ ከመስመሩ ግራና ቀኝ እስከ 1.2 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ በቀጠሮ የሚሰጥ አገልግሎት መዘጋጀት አለበት። ለዚህ አገልግሎት የሚጠየቀው ክፍያ ከመደበኛው ታሪፍ እጥፍ መብለጥ የለበትም። ተሳፋሪው ለነገ ጉዞ ዛሬ የማስመዝገብ መብት አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በበኩሉ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጽም ይከለክላል፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ሥርዓትም ሊኖር ይገባል።

ደኅንነትን በተመለከተ ሹፌሩን ጨምሮ 16 ሰውና ከዚያ በላይ ለመጫን የተሠራ ተሽከርካሪ የሚያሽከረክር ሰው የንግድ መንጃ ፈቃድና ተጨማሪ የሕዝብ ማመላለሻ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኙ ድርጅቶች ሹፌሮች ከመቀጠራቸው በፊት የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ከተቀጠሩ በኋላም ድንገተኛ የዕፅና የአልኮል ምርመራ የሚደረግ ሲሆን አደጋ ሲደርስም እንዲሁ ይመረመራሉ። በፌዴራል ገንዘብ የተገዛ ንብረትም ገደብ አለው። ትልልቅ አውቶቡሶች ቢያንስ 12 ዓመት ሳያገለግሉ ወይም 800 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይጓዙ ቢወገዱ ድርጅቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ለመመለስ ሊገደድ ይችላል።

ያጋጠሙ ችግሮች

በሽያጭ ታክስ ላይ የተመሠረተ ገቢ ኢኮኖሚው ሲዳከም አብሮ ይዳከማል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት የታክሱ ገቢ ከመቀነሱም በላይ፣ የካሊፎርኒያ መንግሥት የራሱን የበጀት ጉድለት ለመሸፈን ከነዳጅ ታክስ ይሰጥ የነበረውን ተጨማሪ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2009 አግዶ ነበር። ሥራ ያጣ ሰው መኪናውን አቁሞ ወደ አውቶቡስ ሊመጣ በሚችልበት ጊዜ የአውቶቡሱ በጀት መቀነሱ የአሠራሩ ደካማ ጎን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ተሳፋሪውን ከአውቶቡስ ሲያርቅ ደግሞ ከክፍያ የሚገኘው ገቢ አሽቆለቆለ። የፌዴራሉ መንግሥት በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ለአገሪቱ የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅቶች የ25 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ የፈቀደ ሲሆን፣ አካባቢው ድርሻውን እንዲያዋጣም አልተጠየቀም። ካሊፎርኒያም የተሳፋሪ ክፍያ መለኪያውን ባላሟሉ ድርጅቶች ላይ የሚጣለውን ቅጣት ለጊዜው አነሳች። መለኪያው በሕግ የተጻፈ ቢሆንም ዓላማው አገልግሎቱን ማሻሻል እንጂ ማጥፋት አለመሆኑ በዚህ ታይቷል።

ሌላው ጉዳይ የተሽከርካሪ ለውጥ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ባጸደቀው ደንብ አነስተኛ ድርጅቶች ከ2026 ጀምሮ ከሚገዟቸው አዳዲስ አውቶቡሶች 25 በመቶው፣ ከ2029 ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ጭስ አልባ እንዲሆኑ ይጠይቃል። የተጣለው ግብ በ2040 ሙሉ ሽግግር ማድረግ ነው። ተራራ አቋርጦ ረጅም ርቀት ለሚጓዝ የገጠር አውቶቡስ የባትሪው አቅምና በመንገድ ላይ የኃይል መሙያ ማግኘት ከከተማው የከበደ ጥያቄ ነው።

ከአሠራሩ የሚወሰዱ ቁም ነገሮች

የሜንዶሲኖ አደረጃጀት ሁሉንም ፍላጎት አሟልቷል ማለት አይደለም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመላለሱ መስመሮች አሉ። አውቶቡስ የማይደርስባቸው ሰፈሮችም ጥቂት አይደሉም። የአሠራሩ ጠቀሜታ ጉድለቱ የት እንዳለ በየዓመቱ እንዲመዘገብና ያልተሟላበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽ ማስገደዱ ነው።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነጥቦች ጎልተው ይወጣሉ። ገንዘብ የሚደለድለው፣ አገልግሎት የሚሰጠውና ምርመራ የሚያካሂደው አካል የተለያዩ ናቸው። ከአንድ ምንጭ የሚገኘው ድጋፍ ሌላው ምንጭ ድርሻውን እንዲያዋጣ ስለሚጠይቅ አንዱ እርከን ኃላፊነቱን ወደ ሌላው መግፋት ይከብደዋል። ከሁሉም በላይ ተሳፋሪው የሚደመጠው ገንዘቡ ከተመደበ በኋላ በሚቀርብ አቤቱታ ሳይሆን ከመመደቡ አስቀድሞ ነው። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ የሚደረግ ውይይት ቅሬታ ከማስተናገድ አያልፍም። ገንዘቡ ገና በካዝና ሳለ የሚደረግ ውይይት ግን ውሳኔውን ሊለውጠው ይችላል።